የባህር ውሃ ቦታ ሲቀይር ቀኑ በስንት ይረዝማል? ራሳችሁ አስሉት

ካልኩሌተርና ኢንተርኔት ካላችሁ ይበቃል። ሀሳቡ ይሄ ነው፣ ውሃ ከምድር ዘንግ እየራቀ ወደ ምድር ወገብ ከሄደ ሽክርክሪቷ ቀስ ይላል ቀኑም ይረዝማል፣ ወደ ዋልታ ከተጠጋ ደሞ ያጥራል።

መጀመሪያ ከፍታንና ክብደትን ለዩ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ባህር ሲሞቅ ይሰፋል ከፍታው ይጨምራል፣ ግን አንዲት ጠብታ አልተጨመረችም፣ ስለዚህ የባህር ከፍታ ልኬት ብቻ ይዛችሁ ስሌት እንዳትጀምሩ። የሚያስፈልጋችሁ የስበት ዳታ ነው፣ ከ2002 እስከ 2017 ግሬስ፣ ከ2018 ወዲህ ደሞ ተተኪው ግሬስ ፎሎው ኦን፣ ሁለት ሳተላይቶች ተከታትለው እየበረሩ በመሀላቸው ያለው ርቀት ሲቀያየር ከስር ክብደቱ የት እንደሄደ ይታወቃል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ውቅያኖሱን በሙሉ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ውሃ 361 ትሪሊዮን ኪሎ አካባቢ ነው። ይሄ መጀመሪያ ዋልታ ላይ በረዶ ነበር እንበል፣ እዛ ከዘንጉ ስላልራቀ ለምድር ኢነርሺያ (ሽክርክሪቷን ለመቀየር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚለካ ቁጥር ነው) የሚጨምረው ነገር የለም። ቀልጦ ሲበተን 2/3 ሲባዛ በክብደቱ ሲባዛ በራዲየስ ስኩዌር (ራዲየሱ 6.37 ሚሊዮን ሜትር ነው) 9.8 × 10^27 ይሰጣችኋል፣ እሱን ለምድር ኢነርሺያ ማለትም ለ8.04 × 10^37 አካፍሉና በ86,400 ሰከንድ አባዙት፣ 10 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይመጣል። አህጉሮቹን ረስተን ነው ያሰላነው፣ ለግምት ያስኬዳል። ግሪንላንድ ልክ ዋልታው ላይ ስላልሆነች፣ ምድርም ክብደት ሲያርፍባት ትንሽ ስለምትሰምጥ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል።

ከዛ አይ ኢ አር ኤስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ተቋም በነጻ የሚያወጣውን የቀን ርዝመት ዳታ አውርዱ። ቁጥሩ በሚሊ ሰከንድ ሲወጣ ሲወርድ ስታዩ ባህሩ ነው ብላችሁ እንዳትቸኩሉ፣ አብዛኛው ንፋስና የጨረቃ ስበት ነው፣ በ1982-83 እና በ1997-98 ኤልኒኞ ቀኑ የረዘመውም በዋናነት በንፋስ ነው። እነሱን ካላስወጣችሁ የናንተ 10 ማይክሮ ሰከንድ ፈጽሞ አትታይም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ባህሩን ማየት የፈለገ የዋልታውን እንቅስቃሴ፣ ማለትም የምድር ዘንግ መሬቱን የሚወጋበት ነጥብ ቦታ ሲቀያየር፣ ቢከታተል ይሻለዋል። እዛው ዳታ ላይ በአርክ ሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል) የተጻፉ ኤክስና ዋይ የሚሉ ሁለት አምዶች አሉ፣ አንዱን ከአንዱ ጋር ፕሎት ስታደርጉ ክብ ክብ እየሰራ ይሄዳል፣ 0.001 አርክ ሰከንድ መሬት ላይ 3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናት። አንዱ ዙር አመታዊ ነው፣ ሌላው 433 ቀን ገደማ የሚፈጀው ቻንድለር ዎብል ነው፣ ከ1891 ጀምሮ ይታወቃል። የሚገፋው ከሌለ ቀስ በቀስ መጥፋት ነበረበት፣ ገፊው ማነው የሚለው ብዙ ካከራከረ በኋላ በ2000 የናሳው ሪቻርድ ግሮስ ትልቁን ድርሻ የያዘው የውቅያኖስ ወለል ላይ ያለው ግፊት መለዋወጥ እንደሆነ አሳየ፣ የቀረው የአየር ግፊት ነው። ዳታ ስትወስዱ ታዲያ ከ6 ዓመት ተኩል እንዳያንስ፣ ካነሰ ሁለቱ ዙሮች ይደባለቁባችኋል።