ለብሉዝና ለሮክ ቲዩብ አምፕ ሲመርጡ

ቲዩብ አምፕ፣ ማለትም የጊታርን ድምፅ በመስተዋት ቲዩቦች የሚያጎላ ማጉያ፣ ሊገዛ የተነሳ ጊታሪስት መጀመሪያ የሚያነሳው ክርክር ከሁለቱ ስመ ጥር ሠሪዎች «ፌንደር ወይስ ማርሻል» የሚል ነው። ከእሱ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፦ የት ነው የሚጫወቱት? ምን ያህል መጮህስ ይችላሉ? ቲዩብ አምፕ ቮልዩሙ ዝቅ ሲል አንድ መሣሪያ፣ ከፍ ሲል ሌላ መሣሪያ ነው። የብሉዝና የሮክ ሳውንድ የሚገኘው ቲዩቦቹ አቅማቸው ሊያልቅ ሲቃረብ ነው፤ ክሩን ቀስ አድርገው ሲመቱት ጥርት ይላል፣ ጠበቅ ሲያደርጉት ይሻክራል። ያ ነጥብ የሚገኘው ጎረቤት ፖሊስ በሚጠራበት ቮልዩም ላይ ከሆነ፣ አምፑ ምንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን የከፈሉበትን ድምፅ ሳይሰሙት ይኖራሉ።

ሁልጊዜ ክሊን፣ ማለትም ድምፁ ሳይሻክር፣ የሚጫወቱ ከሆነ ደግሞ ቲዩብ ግዴታ አይደለም። የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢ.ቢ. ኪንግ ለረጅም ጊዜ የተጫወተበት ላብ ሲሪስ ኤል5 ቲዩብ የሌለው ትራንዚስተር አምፕ ነበር።

ዋቱ

ዋትና ጩኸት እኩል አያድጉም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «አሁን እጥፍ ጮኸ» የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨመር ነው፤ ለዚያ ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ «100 ዋት ለቤት ይበዛል» ብለው 50 ዋት ቢገዙ ያተረፉት ነገር የለም ማለት ይቻላል። 5 ዋት እንኳ የ50 ዋቱን ግማሽ ያህል ይጮሃል፤ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህ ብዙ ነው።

ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው 1 ዋትና ከዚያ በታች የሚወርድ መቀነሻ ያለው አምፕ ይበጀዋል። ከድራም ጋር ለመለማመድና አነስተኛ ክለብ ውስጥ አምፑ ፊት ማይክ አቁሞ ለመጫወት ከ15 እስከ 22 ዋት ይበቃል። ድራመሩ ኃይለኛ ሆኖ፣ ማይክ ሳይኖር፣ ጊታሩ ክሊን ሆኖ መሰማት ካለበት 40 ዋት ያስፈልጋል። 85 እና 100 ዋት የ1960ዎቹ ውርስ ነው። ያኔ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ የሚሸከመው ዘፋኙን ብቻ ስለነበር ጊታሩ በራሱ ጉልበት አዳራሹን መሙላት ነበረበት። ዛሬ ሳውንድማኑ ራሱ «ቀንስልኝ» ይላል። በዚያ ላይ ባለ 85 ዋቱ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ 29 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ቲዩቡና ሰርኪቱ

በገበያው ላይ አራት የፓወር ቲዩቦች (ስፒከሩን የሚነዱት) ይበዛሉ፦ አሜሪካኖቹ 6ቪ6 እና 6ኤል6፣ አውሮፓውያኑ ኢኤል84 እና ኢኤል34። «6ኤል6 ክሊን ነው፣ ኢኤል34 ሮክ ነው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ፌንደር ብሉዝ ጁኒየር የሚሠራው እንደ እንግሊዙ ቮክስ አምፕ በኢኤል84 ነው፤ ድምፁ ግን የፌንደር ቤተሰብ ነው። ከቲዩቡ ስም ይበልጥ የሚወስነው የቶን መቆጣጠሪያው አሠራርና ከስፒከሩ መውጫ ጥቂት ድምፅ ወደ ኋላ መልሶ አምፑን የሚገራው ኔጌቲቭ ፊድባክ የሚባለው መስመር ነው። ይህ መስመር ያለው አምፕ ለረጅም ጊዜ ክሊን ይቆይና ሲሰበር (ሲሻክር) በአንዴ ይሰበራል። የሌለው አምፕ ቀስ በቀስ ይሻክራል፤ ለጣት የሚታዘዘው ይኼኛው ነው።

ትዊድ ዴሉክስ የሚባለው የ1950ዎቹ ፌንደር ፊድባክ የለውም። ሁለት 6ቪ6፣ 12 ዋት ገደማ፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ አንድ የቶን ቁልፍ፣ በቃ። ኒል ያንግ እስከ ዛሬ የሚጫወትበት የ1959 ሥሪቱን ነው። ቮልዩሙ 3 ወይም 4 ላይ ሲደርስ መሻከር ይጀምራል፤ ከ6 በላይ ግን ጩኸት አይጨምርም፣ ድምፁ ይበልጥ ይጨመቃል እንጂ። ችግሩ ቤዙ ነው። ሌስ ፖልን የመሰለ ባለ ሃምበከር (ባለ ጥንድ ጥቅል፣ ወፍራም ድምፅ የሚሰጥ ፒክአፕ) ጊታር ሰክተው ቮልዩሙን ከፍ ካደረጉ የወፍራሙ ክር ድምፅ ይፈርሳል። ይህን አምፕ ከቴሌካስተር ጋር መግዛት ይሻላል። ሃምበከር ብቻ ካለዎት የመጀመሪያዋን ፕሪአምፕ ቲዩብ (ከፓወር ቲዩቦቹ በፊት ድምፁን የምታጎላውን ትንሿን) ይዩ፦ ጥንት እዚያ ቦታ ላይ የነበረው 12ኤዋይ7 ሲሆን የማጉላት አቅሙ ከ12ኤኤክስ7 ግማሽ እንኳ አይሞላም። 12ኤኤክስ7 ተሰክቶ ካገኙት ወደ ጥንቱ ይመልሱት፤ ቤዙ ሰብሰብ ይላል።

በ1963 የወጣው ዴሉክስ ሪቨርብም በሁለት 6ቪ6 ነው የሚሠራው፤ 22 ዋት ነው። ለብሉዝ አንድ አምፕ ብቻ ምረጥ ቢባል ብዙ ባለሙያ እጁን የሚሰነዝረው ወደዚህ ነው። በስትራቶካስተር እስከ 4 ክሊን ነው፣ 5 እና 6 ላይ መሰበር ይጀምራል። የሚድ ቁልፍ የለውም፣ መካከለኛው ድምፅ በተፈጥሮው ጎድጎድ ያለ ነው፤ ሶሎ ከባንዱ ውስጥ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ቲዩብ ስክሪመር የተባለው ፔዳል ከፌንደር ጋር የተዋደደው ቤዙን ቆርጦ፣ ሚዱን ከፍ ስለሚያደርግ ነው። ፔዳሉ ላይ ድራይቩን ወደ ዜሮ አስጠግተው ሌቭሉን ከፍ ያድርጉ፤ የሚሰበረው አምፑ ይሁን እንጂ ፔዳሉ አይሁን። አምፑ ላይ ቮልዩሙ በጨመረ ቁጥር ቤዙን ወደ 2 ወይም 3 ያውርዱ።

ማርሻል የመጣው ከፌንደር ነው። ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጄቲኤም45ን ሲሠሩ ፊታቸው ያስቀመጡት ቤዝማን የተባለውን የፌንደር አምፕ ሰርኪት ነበር። ልዩነቱን ያመጡት እዚያ በቀላሉ የሚገኙት ቲዩቦችና የሴለሺን ስፒከሮች፣ ኋላም ኢኤል34 ናቸው። ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን በ1966 ከብሉዝ ዘፋኙ ጆን ሜዮል ጋር ሲቀዳ ሌስ ፖሉን የሰካው በዚሁ ዘር ኮምቦ (ስፒከሩ አብሮ የተገጠመለት አምፕ) ላይ ነው። ማርሻል ሚዱ ፊት ለፊት ስለሚመጣ ሮክ ሪትም በባንድ መሀል ጎልቶ ይሰማል። ማስተር ቮልዩም (የመጨረሻውን ጩኸት ለብቻው የሚቆጣጠር ቁልፍ) የሌላቸው የድሮዎቹ ሞዴሎች አራት መግቢያ አላቸው፤ ጊታሩን በብሩህ ቻናሉ የመጀመሪያ መግቢያ ይሰኩና ከዚያው ቻናል ሁለተኛ መግቢያ ወደ ሌላው ቻናል የመጀመሪያ መግቢያ አጭር ኬብል ያሻግሩ። ብሩሁን 6፣ ሌላውን 4 አድርገው ይጀምሩ። ሃርድ ሮክ ለመጫወት የሚፈልጉ ብዙዎች ጌኑን (የማሻከሪያውን ቁልፍ) እስከ መጨረሻ ይጠመዝዙታል። የድሮዎቹ የዘፈን ቅጂዎች ግን ከሚታሰበው ያነሰ ጌን ነው ያላቸው፤ ወፍራም የሚመስለው ክብደት የመጣው ከቮልዩምና ከእጅ ነው።

ቮክስ ኤሲ15 እና ኤሲ30 በኢኤል84 ይሠራሉ፣ ፊድባክ የላቸውም። ትሬብላቸው ያንጸባርቃል፤ የኩዊኑ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ኤሲ30ን ትሬብሉን ከሚያጎላ ትሬብል ቡስተር ጋር አድርጎ ያወጣውን ዜማ የመሰለ ዲስቶርሽን (ሻካራ ድምፅ) ማንም ያውቀዋል። ሲሞክሩት «ከት» የሚለውን ቁልፍ ልብ ይበሉ፦ ሲጨምሩት ትሬብሉ ይቀንሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ጆሮ የሚወጋ አምፕ ነው ብሎ ትቶት ይሄዳል።

ስፒከሩና ማስተር ቮልዩሙ

የስፒከር ልዩነት ከቲዩብ ልዩነት ይበልጣል። ሁለት ስፒከሮች በ3 ዴሲቤል ከተለያዩ ልክ ዋቱን እጥፍ እንደማድረግ ወይም በግማሽ እንደመቀነስ ነው። ደካማ የሚመስል 15 ዋት አምፕ ላይ 100 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር (ልኩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ነው) ቢገጥሙ ከድራሙ በላይ ይወጣል። ለቤት ደግሞ ተቃራኒው ይፈለጋል። ስፒከር ሲቀይሩ ኦሙን (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ ልኩን) ከአምፑ ጋር ያመሳስሉ፦ ሁለት ባለ 16 ኦም ስፒከሮች በፓራለል 8 ኦም ይሆናሉ፣ ሁለት ባለ 8 ደግሞ 4።

ከሁሉ በላይ፣ ስፒከር ያልተሰካበትን ቲዩብ አምፕ በጭራሽ አይጫወቱበት። ኃይሉ መሄጃ ሲያጣ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ላይ ቮልቴጁ ይዘልና ያቃጥለዋል፤ ከአምፑ ክፍሎች በጣም ውድ ከሆኑት አንዱ ነው። በስፒከር ኬብል ፋንታ የጊታር ኬብል መሰካትም ቀስ ብሎ እዚያው ያደርሳል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ለዚያ ጉልበት ቀጭን ነው።

ማስተር ቮልዩም ያለው አምፕ ፕሪአምፑን አስጨንቆ በዝቅተኛ ድምፅ ዲስቶርሽን ይሰጣል። ለሮክ ይሠራል፤ ለብሉዝ ግን የፓወር ቲዩቦቹ ልስላሴ ይጎድለዋል። ሌላው መንገድ በአምፑና በስፒከሩ መካከል የሚገባ አቴንዌተር ነው። ጥቂት ዴሲቤል ሲቀንስ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሲቀንስ ድምፁ ይደበዝዛል፣ ምክንያቱም ጆሮም ስፒከሩም በዝቅተኛ ድምፅ ሌላ ጠባይ አላቸው። ኦሙ ከአምፑ ጋር መመሳሰሉንና የሚችለው ዋት ከአምፑ መብለጡን ያረጋግጡ። አምፑ በሙሉ ኃይሉ ስለሚሠራ የፓወር ቲዩቦቹ ዕድሜም ያጥራል።

ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩ

የራስዎን ጊታር ይዘው ይሂዱ። ሁሉንም ቶን 5 ላይ አድርገው ያለ ፔዳል ይጀምሩ፤ ቮልዩሙን 3፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 7 ላይ ያድርጉ፤ 3 ላይ ብቻ ሞክሮ የገዛ ሰው አምፑን አያውቀውም። 6 ላይ ሳሉ የጊታሩን ቮልዩም ወደ 4 ያውርዱ። ድምፁ ሳይጨልም ክሊን ከሆነ ለብሉዝ የሚሆን አምፕ ነው። ከዚያ ወፍራሙን ክር ክፍት ይምቱና ቤዙ ተሰብስቦ መውጣቱን ይስሙ። ጆሮዎ ከስፒከሩ ከፍታ ጋር ሳይስተካከል አይወስኑ፤ ትሬብሉ በቀጥታ ስለሚወጣ እግር ሥር ያለ አምፕ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ይልቅ የለሰለሰ ይመስላል። ሦስት ሜትር ርቀው ጎንበስ ይበሉ።

ያገለገለ አምፕ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያጠፉት ያቆዩት። በጀርባው በኩል የፓወር ቲዩቦቹን ይመልከቱ። ብርቱካናማ ፍካት ጤና ነው፣ በመስተዋቱ ላይ የሚታይ ሰማያዊ ብርሃንም አያስደነግጥም። ግራጫው የውስጥ ብረት ከቀላ ግን ወዲያው ያጥፉት፤ ባያሱ (በቲዩቡ የሚያልፈውን ጅረት የሚወስነው ልክ) ተዛብቷል ወይም ቲዩቡ አልቋል። ፕሪአምፕ ቲዩቦቹን በእርሳስ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉ፤ በስፒከሩ ውስጥ እንደ ደወል የሚጮህ ካለ ያ ቲዩብ ይቀየራል፣ ርካሽ ነው። ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖ ወፍራም «እምምም» ካለ ግን የመብራቱን ኃይል የሚያጣሩት ፊልተር ካፓሲተሮች ደርቀዋል፤ ሃያ ዓመት ባለፈው አምፕ ላይ ይህን ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። በጣም ያረጁ የአሜሪካ አምፖች ባለ ሁለት እግር ሶኬት ገመድ አላቸው፤ ማይክ በከንፈር ሲነካ ሰው የሚይዙት እነዚህ ናቸው። ባለ ሦስት እግር፣ መሬት ያለው ገመድ ሳይገባላቸው አይጫወቱባቸው።

ሽፋኑን ከፍቶ መነካካት የሚወድ ሰው ይወቅ፦ አምፑ ከጠፋና ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ፓወር ቲዩብ ሲቀየር ትዊድ ዴሉክስንና ቮክሶቹን በመሳሰሉ ካቶድ ባያስ (ባያሳቸውን ራሳቸው የሚያስተካክሉ) አምፖች ላይ ነቅሎ መሰካት ይበቃል። ፊክስድ ባያስ የሆኑት ግን መለካት አለባቸው። 6ኤል6ጂሲ የሚችለው 30 ዋት ነው፣ እንደ ጣሪያ የሚወሰደው የዚያ 70 ከመቶ 21 ዋት ይሆናል፤ ፕሌቱ (ግራጫው የውስጥ ብረት) ላይ 420 ቮልት ካለ ጣሪያው በቲዩብ 50 ሚሊአምፔር ነው ማለት ነው። ይህን ሒሳብ የማይሠራ ቴክኒሺያን አምፑን አይንካው።

ከውጭ ወደ አገር ቤት ሲመጣ

አሜሪካ የተገዛ አምፕ ለ120 ቮልት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀጥታ 220 ላይ ከተሰካ ለ6.3 ቮልት የተሠራው የቲዩቡ ማሞቂያ ከ11 በላይ ያገኛል፤ ከታደሉ ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል። የሚልክልዎ ዘመድ አውሮፓ ወይም እስራኤል ካለ እዚያ እንዲገዛ ያድርጉ፤ 230 ቮልቱ ከእኛው ጋር ይስማማል፣ የሚቀየር ነገር ካለ የሶኬቱ ጫፍ ብቻ ነው። ከአሜሪካ የግድ ከሆነ ጀርባው ላይ 50/60 ኸርዝ መጻፉን ይዩ፤ ለ60 ብቻ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር በ50 ይበልጥ ይሞቃል። ከዚያ 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ይግዙ። አምፑ ጀርባ ላይ 180 ዋት ይበላል ካለ 300 ቪኤ ያለውን ይውሰዱ፣ ያንሳል እንጂ አይበዛም። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጡት ቀላል ኮንቨርተሮች አይሆኑም። ትራንስፎርመሩ የመሬት እግር ከሌለው ክሩ ጣት ላይ ይነዝራል።

መብራቱ ወደ 190 ሲወርድ ማሞቂያው 5.4 ቮልት ገደማ ያገኛል፤ ድምፁ ይደክማል፣ ለረጅም ጊዜ ሲሆን ቲዩቡን ይጎዳል። ስታቢላይዘር ያስገቡበት። መብራት ሲጠፋ የአምፑን ማብሪያ ወዲያው ያጥፉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ዝላይ ማንንም አይምርም። ተመልሶ ከተረጋጋ በኋላ ያብሩት፣ ስታንድባይ (አምፑን ድምፅ ሳያወጣ እያሞቀ የሚያቆይ ማብሪያ) ካለው ቲዩቦቹ አንድ ደቂቃ ያህል ይሙቁ።

ለጉዞ ሲታሸግ ፓወር ቲዩቦቹን ነቅለው እያንዳንዳቸውን በስፖንጅ ይጠቅልሉ፣ የትኛው ከየትኛው ሶኬት እንደወጣ በወረቀት ይጻፉበት። በዚያው ካርቶን ውስጥ አንድ የተመሳሰለ ጥንድ ፓወር ቲዩብ፣ ሁለት 12ኤኤክስ7 እና በጀርባው ከተጻፈው አምፔር ጋር እኩል የሆኑ አምስት ፊውዞች ይጨመሩ። ፊውዙ ቀስ ብሎ የሚቃጠለው ዓይነት ከሆነ በዚያው ይግዙት፤ ፈጣኑን ከገዙ አምፑ በተበራ ቁጥር ይበጠሳል።