ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስ፦ አርተርን በከንቱ የሚገድሉ ስህተቶች

ደሴ ላይ ጌም ቤት የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የፊፋ ጩኸት ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ገብቶ «ያንን ብረት ለባሹን ክፈትልኝ» ሲለኝ ደስ ይለኛል። ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስን ማለቱ ነው፤ የጃፓኑ ካምፓኒ ካፕኮም በፈረንጆቹ 1985 ለአርኬድ፣ ማለትም ሳንቲም ለሚበላው የጌም ማሽን፣ ያወጣው ጌም ነው። ዛሬ ካፕኮም አርኬድ ስታዲየም በሚባለው ስብስብ ውስጥ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ይገኛል። ደስታዬ ግን ብዙ አይቆይም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አሟሟት ነው የሚሞቱት።

ዋናው ስህተት ዘሎ ከዚያ ማሰብ ነው። ይሄ አንጀቴን ያሳርረዋል። የዛሬ ጌሞች አየር ላይ ሆናችሁም አቅጣጫ መቀየር አስለምደዋችኋል። አርተር ላይ፣ ማለትም ብረት ለባሹ ላይ፣ ይሄ የለም። ቀጥ ብሎ ከዘለለ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ወደ ቀኝ ከዘለለ የሚያርፍበት ቦታ እግሩ መሬት ሲለቅ አልቋል። ከዚያ በኋላ ጆይስቲኩን ብትጠመዝዙት፣ ወንበሩ ላይ አብራችሁት ብትዘሉ ወይ ፍንክች። ልጆቹ ግን ምን ያደርጋሉ? መቃብሩ መሃል አንድ ዞምቢ ሲመጣባቸው ይደነግጣሉ፤ ይዘላሉ። አየር ላይ እያሉ ሌላው ዞምቢ ልክ ከሚያርፉበት መሬት ብቅ ይላል። ወደ ኋላ ይጎትታሉ፤ አርተር ወደፊት ይሄዳል። የብረት ልብሱ ይበተንና በውስጥ ሱሪ ይቀራል። ደንግጠው እንደገና ይዘላሉ። አጽም! ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጆይስቲኩ አይሠራም» ይሉኛል። ይሠራል እንጂ! ያ ዞምቢ እኮ በአንድ ጦር የሚሞት ነበር። ቁሙ፣ ወርውሩ፣ ከዚያ ሂዱ። መዝለል ግድ የሚሆነው ውሃው ጋ፣ ያ ወዲያ ወዲህ የሚለው መሬት ላይ ነው። እዚያም ቢሆን እስኪጠጋላችሁ ጠብቁ።

አናሎጉን፣ ያንን በአውራ ጣት የሚጠመዘዘውን፣ ተዉት። በቀስቶቹ ተጫወቱ። የጌም ቤት ጆይስቲክ አናሎጉ በፊፋ ያለቀ ነው። ትንሽ ወደ ታች ካዘነበለ አርተር በመሄድ ፈንታ ቁጢጥ ይላል።

የወደቀ መሣሪያ ሁሉ አይነሣም። አርተር የሚይዘው አንድ ብቻ ነው፤ አዲሱን ስትነኩ የድሮው ይጠፋል። ጩቤ ካገኛችሁ አልሐምዱሊላህ በሉ፤ ፈጣን ነው። ችቦ ግን መቅሠፍት ነው። ቅርብ ላይ ይወድቅና መሬት ላይ ይነዳል፤ እስኪጠፋ እጃችሁ ባዶ ነው። ጩቤ ይዞ በሰላም ሲሄድ የነበረ ልጅ ችቦ ላይ ዘሎ ሲወጣበት ሳይ ስክሪኑን ላጠፋው ይቃጣኛል። ጋሻው ደግሞ ሩቅ አይሄድምና ሁሉም ይንቀዋል። ግን መጨረሻው በር ላይ ጋሻ ሳትይዙ ከደረሳችሁ ጌሙ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል።

የሚበረው ቀዩ ጋኔን ላይ ጦር አታባክኑ። አርተር ወደ ላይ መወርወር አይችልም፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ነው። ጋኔኑ ከፍ ሲል ዝም በሉት። ወርዶ ፊት ለፊታችሁ ሲሆን ደጋግማችሁ ምቱት።

የመቃብር ድንጋይ ጦር ያቆማል። አንዱን ደጋግሞ የመታ ደግሞ ጠንቋይ ይጠራና እንቁራሪት ይሆናል። ይሄን ግን ስህተት አልለውም፤ አንዴ ማየት ይገባችኋል።

ሪዋይንድን፣ ማለትም ስታዲየሙ ላይ ጌሙን ወደ ኋላ መመለሱን፣ በተመለከተ ጓደኞቼ አይስማሙኝም። «ማጭበርበር ነው» ይላሉ። እኔ አልልም። ይሄ ጌም የተሠራው ሳንቲም እንዲበላ ነው፤ እኛ በሰዓት እየከፈልን ለምን እንበላለት? ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው። በሞታችሁ ቁጥር ግማሽ ሰከንድ ብቻ ከመለሳችሁ እዚያው ዝላይ መሃል ትገባላችሁ፤ ተመልሳችሁ ትሞታላችሁ። እግራችሁ መሬት ላይ እስከነበረበት ድረስ መልሱት።

ቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ላይ አድርጉት፤ ካልሆነ ተጭናችሁ እስኪዘል ይዘገያል። ስክሪኑን እንዲሞላ ብላችሁም በዙም አትለጥጡት። ጎንና ጎኑ ባዶ ቢሆን ምን አላችሁ?

አንድ ልጅ ጅዳ ያለች እህቱን የጌም መግዣ ካርድ አስልኮ በ2021 የወጣውን ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስ ሪሰሬክሽንን ገዝቶ መጣ። ያ ሌላ ጌም ነው። ጥሩ ነው፤ ግን የ1985ቱ አይደለም። እዚያኛው ላይ ሁለት ሰው አብሮ ይጫወታል። ዋናው ላይ በተራ ነው፤ ሁለት ጆይስቲክ ይዛችሁ «የኔው የት አለ?» አትበሉኝ።

መጨረሻውን ያለፈ ልጅ ጆይስቲኩን ወርውሮ ሲጨፍር አያለሁ። አብሽር፣ ገና ነው! የመጀመሪያው ዙር የሰይጣን ማታለያ ነበር ይላችሁና ጌሙ ከመጀመሪያው ያስነሣችኋል፤ ያውም አክርሮ። እዚህ ላይ አጥፍቶ የሚሄድ ሰው አቦሉን ጠጥቶ ቶናና በረካ ሳይቀርብ እንደሚነሣ እንግዳ ነው።

ደግሞ ሴቭ አድርጉ። ስታዲየሙ በፈለጋችሁበት ቦታ ሴቭ ያደርጋል። ደሴ ላይ መብራት መቼ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። የሄደ ጊዜ የቀረውን ሰዓት እመልስላችኋለሁ፤ አምስተኛውን ደረጃ ግን ከየት አመጣለሁ?