የውጊያ በረራ ጨዋታ ሲያስቸግር ከየት ይጀመራል?

ዲሲኤስ ወርልድ በሚባለው የኮምፒውተር የውጊያ በረራ ጨዋታ አውሮፕላኑ ሳታዙት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ቶሎ «ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ነው» አትበሉ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የመቆጣጠሪያ ግጭት ነው፤ ጨዋታው የተሰካ መሣሪያ ሲያገኝ በራሱ ከመሪው ጋር ያገናኘዋል፣ ስለዚህ ጆይስቲኩና ፔዳሉ አንድ ሥራ ይሻማሉ። የመቆጣጠሪያ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የአክሲስ (የመሪ እንቅስቃሴዎች) ዝርዝሩን ክፈቱ፤ በየረድፉ አንድ መሣሪያ ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን አጥፉ። ጆይስቲኩ መሃል ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ትንሽ ዴድዞን (ጨዋታው እንቅስቃሴን የማይቆጥርበት የመሃል ክፍተት) ስጡት፤ ካበዛችሁት ግን አየር ላይ ነዳጅ መቅዳት ጣር ይሆናል።

ከአፕዴት በኋላ ጨዋታው በራሱ ከተዘጋ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ሞዶች (ከሌላ ሰው የመጡ ተጨማሪዎች) ናቸው፤ ለአሮጌው ቅጂ የተሠሩ ስለሆኑ ከአዲሱ ጋር ላይስማሙ ይችላሉ። አውጧቸው፣ ከዚያ ሪፔር (የጨዋታውን ፋይሎች የሚጠግነውን) አስነሡ። አሁንም ካልሆነ በዊንዶውስ ሴቭድ ጌምስ ፎልደር ውስጥ ያለውን የዲሲኤስ ፎልደር ስሙን ቀይሩት። (እንዳታጠፉት! የቁልፍ ቅንብራችሁ ሁሉ እዚያ ነው።) ጨዋታው ሲነሣ አዲስ ፎልደር ይሠራል። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ በአሮጌው ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ከአሮጌው ከኮንፊግ ሥር ያለውን የኢንፑት ፎልደር (የቁልፍ ቅንብሩን) ብቻ ወደ አዲሱ መልሱ።

ችግሩን ለጨዋታው አዘጋጆች ስታመለክቱ የሎግ ፋይሉን (ጨዋታው የሆነውን የሚመዘግብበትን) ጨዋታውን ዳግም ሳትከፍቱ ቅዱ፤ ከከፈታችሁት በአዲስ ይተካል።