ያገለገለ መኪና በአሜሪካ፦ አዲስ መጪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዲቪ ዕጣም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ ወደ አሜሪካ የመጣ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን ተቀብሎ ሥራ እንዳገኘ ብዙ ሳይቆይ የሚያስፈልገው መኪና ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ባቡርና አውቶቡስ ቢኖርም፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ የሚገባ ሰው፣ ወይም ልጇን ከሕፃናት ማቆያ ተቀብላ ወደ ማታ ፈረቃ የምትሮጥ እናት ያለ መኪና ብዙ መዝለቅ አይችሉም። በዚህ ምክንያት ግዢው በጥድፊያ ይፈጸማል፤ ጥድፊያውም በብዙ ድካም የተጠራቀመውን፣ አንዳንዴም ከዘመድ የተበደሩትን ገንዘብ ይዞ ይሄዳል።

ከጥድፊያው በላይ የሚጎዳን ግን ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው የመኪና ግምት ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሀብት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ከጣለ ወዲህማ ለዓመታት የተነዳ ቪትስ ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ ገዢው የሚጨነቀው ለብረቱ ነው፤ ላሜራው ተነክቷል ወይ፣ ሞተሩ ወርዷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ መኪና ዋጋው እየወረደ የሚሄድ ዕቃ ነው። በሞዴልም በዓመተ ምርትም አንድ የሆኑ ሁለት መኪኖች በዋጋ በእጅጉ የሚለያዩት ባሳለፉት ታሪክ ነው፤ ታሪካቸው ደግሞ የሚገኘው ወረቀት ላይ ነው። ቀጥዬ የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ወረቀቱን ሳያዩ ብረቱን ከመውደድ የሚመጡ ናቸው።

በእጅ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለመኪናው ዋጋ ማዋል

7,000 ዶላር ያለው ሰው የ7,000 ዶላር መኪና መፈለግ የለበትም። በቨርጂኒያ ስም ሲዛወር የሚከፈለው የሽያጭ ታክስ ብቻ ከዋጋው 4.15 በመቶ ነው፤ በዚህ ላይ የታይትል (የባለቤትነት ሰነድ) እና የሰሌዳ ክፍያ ይጨመራል። እንደ ፌርፋክስና አርሊንግተን ባሉ የቨርጂኒያ አካባቢዎች ደግሞ መኪና እንደ ንብረት ተቆጥሮ በየዓመቱ ግብር ስለሚጠየቅበት፣ ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው ደብዳቤው ቤቱ ሲደርስ ይደነግጣል።

ከሁሉም የሚከብደው ኢንሹራንሱ ነው። አገር ቤት ሃያ ዓመት የነዳ ሰው እንኳ በብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ዘንድ እንደ ጀማሪ ሾፌር ሊቆጠር ስለሚችል፣ ወርሃዊ ክፍያው ከጠበቀው በብዙ ሊበልጥበት ይችላል። ቀደም ሲል ቨርጂኒያ ውስጥ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር፤ ይህ አሠራር ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ በዚያው ስቴት የሚፈለገው ዝቅተኛ ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሁሉ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ሆኗል። ስለዚህ መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት ቪን ቁጥሩን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) ለሁለትና ለሦስት ኢንሹራንስ ድርጅቶች ሰጥተው ዋጋ ያስነግሩ። በእኔ አስተያየት 7,000 ዶላር ያለው ሰው መኪናውን በ5,000 ገደማ ገዝቶ ቀሪውን ለታክስ፣ ለኢንሹራንስና በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሚመጣ ጥገና ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ መጠየቅ

ዲለር (የመኪና ነጋዴ) ቤት ሲገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት «በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡ በኋላ ስለ ዋጋው መከራከር ከባድ ይሆናል፤ ምክንያቱም የብድሩን ዘመን በማርዘም ብቻ ማንኛውንም ዋጋ እርስዎ ወደጠሩት ወርሃዊ ክፍያ ማውረድ ይቻላል። 10,000 ዶላር በ20 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢበደሩ በወር 265 ዶላር ያህል ይከፍላሉ፤ ሲጨርሱ የከፈሉት 15,900 ዶላር ገደማ ይሆናል። ያው ገንዘብ በ8 በመቶ ቢገኝ ወርሃዊው ወደ 203፣ ጠቅላላው ወደ 12,170 ዶላር ይወርዳል። በወር የሚታየው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በአምስት ዓመት ግን ከ3,700 ዶላር በላይ ነው።

ክሬዲት፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪክ፣ የሌለው አዲስ መጪ ሃያ በመቶና ከዚያ በላይ የሚጠየቅባቸው ቦታዎች አሉ፤ በተለይ ራሳቸው ሸጠው ራሳቸው የሚያበድሩ፣ ክሬዲት አንጠይቅም የሚሉ የመንገድ ዳር ዲለሮች ናቸው። አንዳንዶቹ መኪናው ላይ መከታተያና ሞተር እንዳይነሣ የሚያደርግ መሣሪያ ስለሚገጥሙ፣ ክፍያ የዘገየበት ሰው ጠዋት ሥራ ሊሄድ ሲል መኪናው አልነሣ ሊለው ይችላል። ከዚህ ይልቅ ወደ ዲለሩ ከመሄድዎ በፊት አንድ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋም) ገብተው ስንት ሊያበድሩዎትና በስንት በመቶ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ዘመድ ወይም ጓደኛ በዋስትና እንዲፈርምልዎት ከጠየቁም፣ የፈረመው ሰው እርስዎ ያልከፈሉትን ዕዳ በሙሉ እንደሚጠየቅ፣ የእርሱም ክሬዲት እንደሚበላሽ አስቀድመው ሊነግሩት ይገባል።

እዚህ ላይ የእኛን ዕቁብ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። በዲሲ አካባቢ የሚታመኑ ሰዎች የሚጥሉት ዕቁብ ያለ ወለድ መጠነኛ መኪና በጥሬ ገንዘብ ለመግዛት ያስችላል፤ ክሬዲቱን ደግሞ ገንዘብ አስይዞ በሚወሰድ የክሬዲት ካርድ ቀስ በቀስ መገንባት ይቻላል። ክሬዲት ለመገንባት ብሎ በሃያ በመቶ ወለድ መኪና መግዛት ግን በጣም ውድ መንገድ ነው።

ታይትሉን ሳያዩ ገንዘብ መስጠት

ታይትል አገር ቤት ሊብሬ የምንለውን የሚተካ የባለቤትነት ሰነድ ነው። ከግለሰብ ሲገዙ ታይትሉን በእጅዎ ይዘው ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ። የመጀመሪያው ስሙ ነው፤ ታይትሉ ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ መሆን አለባቸው። «የአክስቴ ልጅ መኪና ነው፤ እሷ ፈርማበታለች፣ አንተ ስምህን ብቻ ጻፍበት» የሚል ሻጭ ብዙ ጊዜ ያለ ፈቃድ መኪና የሚነግድ ሰው ነው። መኪናውን በስሙ ሳያዛውር፣ ታክሱንም ሳይከፍል ነው የሚሸጥልዎት፤ መኪና የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ ዲኤምቪ፣ ጥያቄ ቢያነሣ የተባለችውን ባለቤት ማግኘት የእርስዎ ችግር ይሆናል።

ሁለተኛው የዕዳ ምልክት ነው። ባንክ በአበዳሪነት ተመዝግቦበት ከሆነ፣ ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከታይትሉ ጋር ካልቀረበ አይክፈሉ፤ ዕዳው ካለም ሻጩን ይዘው ባንኩ ውስጥ ክፍያውን መጨረስ ይችላሉ። ሦስተኛው ታይትሉ ላይ የታተመው የመኪናው ደረጃ ነው። ሳልቬጅ የሚል ካለበት ኢንሹራንሱ ጉዳቱን አይቶ «ለጥገና አይበቃም» ብሎ የጣለው መኪና ነው፤ ሪቢልት ማለት ደግሞ ከዚያ በኋላ ተጠግኖ ወደ መንገድ የተመለሰ ማለት ነው። ሪቢልት ታይትል ያለው መኪና ሁልጊዜ መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን ዋጋው ከንጹሑ በብዙ ካላነሰ፣ ሙሉ ሽፋን የሚሰጥ ኢንሹራንስም ካላገኙ፣ ሊገዙት አይገባም፤ ሊሸጡት የፈለጉ ቀንም ገዢ ማግኘት ይከብዳል።

የመኪናውን ታሪክ አለመጠየቅ

እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ የተሠራ መኪና ሁሉ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ቪን ቁጥር አለው። ከፊት መስታወቱ ሥር በሾፌሩ በኩል፣ እንዲሁም የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ተለጣፊ ላይ ይገኛል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው፣ ከታይትሉም ጋር አንድ ካልሆኑ ሌላ ምንም መመርመር ሳያስፈልግ ትቶ መሄድ ነው። አንድ ከሆኑ ቁጥሩን ይዘው እንደ ካርፋክስና ኦቶቼክ ካሉት፣ ወይም ከፌዴራሉ የታይትል መረጃ ቋት በአነስተኛ ዋጋ ከሚሸጡት አገልግሎቶች የመኪናውን ታሪክ ማውጣት ይችላሉ። ነገር ግን ሪፖርቱ ያልተመዘገበ አደጋን ሊያሳይ አይችልም። ከኢንሹራንስ ውጪ በጓሮ ጋራዥ የተጠገነ ግጭት እዚያ ላይ ላይኖር ይችላልና፣ ንጹሕ ሪፖርት የመካኒክን ፍተሻ አይተካም።

የጎርፍ ነገር ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። እንደ 2017ቱ ሃርቪና እንደ 2022ቱ ኢያን ያሉ ማዕበሎች እጅግ ብዙ መኪኖች ያጥለቀለቁ ሲሆን፣ ከእንዲህ ዓይነት ጎርፍ በኋላ አንዳንዶቹ መኪኖች ታጥበውና ተወልውለው ከቴክሳስና ከፍሎሪዳ ወደ ሌሎች ስቴቶች ገበያ ይወጣሉ። የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ያውጡት፤ ብዙ ጊዜ የማይወጣው የታችኛው ክፍል ላይ ጭቃማ መስመር ወይም ሻጋታ ካለ ውሃ ገብቶበታል። ወንበሩ የተጣበቀበት የብረት ሐዲድ የዛገ፣ ከኋላ የመለዋወጫ ጎማው ማስቀመጫ ሥር ደቃቅ አፈር የተጠራቀመበት መኪናም እንዲሁ ነው። በዚያው ቪን ቁጥር የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ ሪኮል (ለጉድለት በነጻ እንዲጠገን የወጣ ጥሪ) መኖሩን በነጻ ማየት ይቻላል። በታካታ ኤርባግ ምክንያት ብቻ አሜሪካ ውስጥ 67 ሚሊዮን ያህል የኤርባግ ማፈንጃዎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል፤ ጥገናው ለባለቤቱ ምንም አያስከፍልም፣ ያልተቀየረው ግን ሰው ይገድላል።

ለመካኒክ ሳያሳዩ መግዛት

«መኪና የሚያውቅ ጓደኛ አለኝ» የሚለው አነጋገር ብዙዎችን አሳስቷል። ጓደኛዎ ቢያውቅም መኪናውን ወደ ላይ የሚያነሣ ማሽን የለውም። የቨርጂኒያ ዓመታዊ የደህንነት ፍተሻ፣ ወይም በሜሪላንድ ስም ሲዛወር የሚጠየቀው ፍተሻም ቢሆን የሚያየው ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማና መሪ የመሳሰሉትን ነው፤ ስለ ሞተሩና ስለ ካምቢዮው ዕድሜ ምንም አይነግርዎትም። ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 250 ዶላር ለሚሆን ክፍያ ሻጩ የማያውቀው ጋራዥ ቢመረምረው፣ ከግዢው ወጪ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው። ምርመራውን የሚከለክል ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ወደ ጋራዥ ከመውሰድዎ በፊት ራስዎ የሚያደርጓቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ሻጩን ከመምጣትዎ በፊት መኪናውን እንዳያስነሣው ይጠይቁት፤ ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩት። ሞቆ ካገኙት ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚሰማ ድምፅ ወይም የሚታይ ሰማያዊ ጭስ እንዳይታይ ቀድሞ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ከ1996 ወዲህ የተሠሩ መኪኖች ከመሪው ሥር የኮምፒውተር መሰኪያ አላቸው፤ በሃያ ዶላር የሚገኝ ማንበቢያ ሰክተው የብልሽት ኮዱን ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ሞተሩን በራሱ የሚፈትሽባቸው መፈተሻዎች ዝግጁ መሆናቸውንም ይመልከቱ። የቼክ ኢንጅን መብራቱ ጠፍቶ ሳለ አብዛኞቹ መፈተሻዎች ዝግጁ አይደሉም ካሉ፣ ኮዱ በቅርቡ ተደምስሷል ወይም ባትሪው ተነቅሏል ማለት ነው፤ መብራቱም እርስዎ ገዝተው ጥቂት ቀን ከነዱ በኋላ ይመለሳል። ጎማው ጎን ላይ ካለው ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2317 ቢል በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነውና፣ ጥርሱ ቢኖርም ጎማው አርጅቷል፣ የአዲስ ጎማ ዋጋም ከድርድሩ ይቀነስ።

በስም ብቻ መግዛት

ቶዮታና ሆንዳ በእኛ ዘንድ የተከበሩት በከንቱ አይደለም። ይሁንና ከ2007 እስከ 2009 የተሠራው ባለ 2.4 ሊትር ካምሪ ዘይት በመብላት ይታወቃል። በርካሽ የሚገኙት ከ2013 ወዲህ የተሠሩ ኒሳን አልቲማዎች በካምቢዮአቸው ችግር ስማቸው ጠፍቷል። በቁልፍ የሚነሡ ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ ኪያና ህዩንዳይ መኪኖች ደግሞ ጸረ ስርቆት መቆለፊያ ስላልነበራቸው ሌቦች ኢላማ አድርገዋቸዋል፤ አንዳንድ ኢንሹራንሶችም ሊሸፍኗቸው አልፈለጉም። በዲሲ የሚሸጥ ፕሪየስ ሲያዩም ለታክሲ ወይም ለኡበር ተነድቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ማይሉ፣ የሃይብሪድ ባትሪውና በሌቦች የሚፈለገው የጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ ሁሉም መታየት አለባቸው።

«በሦስት ቀን እመልሰዋለሁ» ብሎ መፈረም

ብዙ ሰው ውል ከፈረመ በኋላ ሦስት ቀን የማሰቢያ ጊዜ እንዳለው ያምናል። የፌዴራሉ የሦስት ቀን ደንብ ከዲለር ቤት የሚገዛ መኪናን አይመለከትም። ዲለሩ በመስኮቱ ላይ እንዲለጥፍ የሚገደደው ባየርስ ጋይድ የሚባል ወረቀት መኪናው ዋስትና እንዳለው፣ ወይም ባለበት ሁኔታ ማለትም «አዝ ኢዝ» እንደሚሸጥ ይገልጻል። ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ ወረቀቱም በስፓኒሽ መቅረብ አለበት፤ በአማርኛ የማቅረብ ግዴታ ግን የለም። ስለዚህ እንግሊዝኛው ገና ያልደላዎት ከሆነ የሚያነብልዎትን ሰው ይዘው ይሂዱ፣ ሻጩ በአፍ የገባውን ቃልም በጽሑፍ ያስይዙ።

ክፍያና ርክክብ

መኪናውን ሳያዩ በዜል (በስልክ ገንዘብ በሚያስተላልፈው አገልግሎት) ቀብድ አይላኩ፤ እንዲህ የተላከ ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ርክክቡን በቀን፣ በባንክ ውስጥ ወይም በፖሊስ ጣቢያ መኪና ማቆሚያ ያድርጉት። አገር ቤት ሰሌዳው ከመኪናው ጋር ወደ አዲሱ ባለቤት ያልፋል፤ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ግን ሰሌዳው የሻጩ ነውና ፈትቶ ይወስደዋል። በሻጩ ሰሌዳ ወደ ቤት መንዳት በእርስዎም በእርሱም ላይ ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። ኢንሹራንሱን በዚያው ዕለት አስገብተው ጊዜያዊ ሰሌዳ እስኪያወጡ መኪናው ካለበት አይነሣ። ውል ላይ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ ጽፎ ታክስ ለማስቀነስ የሚቀርብልዎትን ሐሳብም አይቀበሉ፤ ለመንግሥት የሐሰት ቃል መስጠት ነው፣ ገና የመኖሪያ ወረቀቱን ጉዳይ ላልጨረሰ ሰው ደግሞ አደጋው ከሚቀነሰው ታክስ እጅግ ይበልጣል። ስሙ ከተዛወረ በኋላ አድራሻ በቀየሩ ቁጥር ለዲኤምቪ ወይም ለሜሪላንዱ ኤምቪኤ ያሳውቁ፤ የሪኮል ደብዳቤ የሚላከው እዚያ በተመዘገበው አድራሻ ነው።