የድሮ የቀርከሃ ዘንግ ሲያስቸግር፦ ችግሩና መፍትሄው

ዝንብ በሚመስል መንጠቆ ለማጥመድ የተሠራ የድሮ የቀርከሃ ዘንግ እጃችሁ ከገባ፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ ይዛችሁት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይሄን ዘንግ አሣ ብዙም አይሰብረውም። የሚሰብረው ቤት ውስጥ ያለው እርጥበትና የሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ነው።

ብዙውን ጊዜ ስድስት የቀርከሃ ስንጥር በኮላ ተጣብቆ የተሠራ ነው። ጥሩ ጥሩው ቀርከሃ ከቻይና ጓንግዶንግ ነበር የሚመጣው። አሜሪካ በ1950 እ.ኤ.አ. የቻይናን ዕቃ ስታግድ እሱም ቀረ፣ ፋይበርግላስ ቦታውን ወሰደው። መለዋወጫ ፒያሳ ወርዳችሁ አታገኙም፣ ስለዚህ ጥገናው የራሳችሁ ነው።

መጋጠሚያው አልላቀቅ አለ

የዘንጉን ክፍሎች የሚያያይዘው የብረት መጋጠሚያ ውስጥ እርጥበትና አቧራ ገብቶ ሲዝግ ይነክሳል። እዚህ ላይ ነው ሰው ጉድ የሚሠራው፤ ፒንሳ ያመጣና መጠምዘዝ ይጀምራል፣ ስንጥሮቹ ከኮላው ይላቀቃሉ፣ አለቀ። በጭራሽ አትጠምዝዙት! ቁጢጥ በሉና ዘንጉን ከጉልበታችሁ ኋላ በኩል አሳልፉት። መጋጠሚያውን ግራና ቀኝ፣ ከጉልበታችሁ ውጪ ውጪውን ያዙ። ክንዳችሁ ቀጥ ይበል፣ ከዚያ ጉልበታችሁን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። ጉልበት ቀጥ አድርጎ ስለሚስብ ሳይጣመም ይወጣል። ሲወጣ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ወልውሉት፣ ግራሶ ግን አትቀቡት፤ ግራሶ አቧራ ይሰበስባል።

በተቃራኒው ልል ከሆነና ሲወረወር የሚወልቅ ከሆነ፣ ወንዴው (የሚገባው በኩል) ላይ ከጧፍ ትንሽ ሰም አሹበት። ለቀኑ ይበቃችኋል።

ሲወረወር ቀጭ ቀጭ ይላል

ወይ መጋጠሚያው ነው ወይ ስንጥሮቹ ተከፍተዋል። በጥፍራችሁ መስመሩን ተከትላችሁ ፈትሹ፣ ጥፍር የሚገባበት ቦታ ካለ እሱ ነው። ቀጭን ኮላ አስገቡና በክር ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት፣ ሲያድር ይያዛል። መነሻው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እርጥቡን ዘንግ ማስቀመጫ ቱቦው ውስጥ መክተት ነው። ደሴ በክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ስለሚገባ ሳይደርቅ መክደን የለባችሁም።

ጫፉ ጎብጦ ቀረ

ግድግዳ ላይ ተደግፎ ከርሟል፣ ወይም አሣ ሲጎትት ሁልጊዜ በአንድ ጎን ነው የተያዘው። ትንሽ ከሆነ ተዉት፣ ምንም አይል። ከበዛ በፀጉር ማድረቂያ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ አሙቁት፣ እጅ የማይችለው ሙቀት የድሮውን ኮላ ያቀልጣልና ተጠንቀቁ። ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ እስኪበርድ ያዙት። ለማስቀመጥ ግን ቀጥ ብሎ ይንጠልጠል። ለመንገዱ የውሃ ቧንቧ ፒቪሲ ቆርጣችሁ ቱቦ አሠሩለት።

ክሩ እግር ሥር ይከመራል

ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቀርከሃ ዝግ ያለ ነው፣ በዘመናዊ ዘንግ የለመደ ሰው ይቸኩላል። ስትወረውሩ ክሩ ኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ጠብቁት። ሁለተኛ፣ ክሩ ለዘንጉ አይመጥንም። ዘንጉ ላይ ኤች-ዲ-ኤች የሚል ካለ የሐር ክር ዘመን የክር መለኪያ ነው፣ በዛሬው የክር ክብደት ቁጥር ወደ 6 ይጠጋል፤ ኤች-ሲ-ኤች ደግሞ ወደ 7።

አሣው አይነካውም

ዘንጉ ምን አጠፋ! ስለ ባስ የሚያወራ የፈረንጅ መመሪያ ለእኛ አይሆንም፣ ባስ አፉ ሰፊ አሣ ነው፣ እንቁራሪት የሚያክል ዝንብ መሰል መንጠቆ ይውጣል። እኛ ያለን ቆሮሶ ነው፣ አፉ ትንሽ፣ ምግቡ በአብዛኛው አልጌ። 12 ወይም 14 ቁጥር መንጠቆ ላይ አረንጓዴ ቀጭን ነገር እሰሩና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ትል ይሻላል የሚላችሁ አይጠፋም፣ ልክም ነው፣ ግን ያ ሌላ ጨዋታ ነው።

አምባዛ ከያዘላችሁ ግን በዘንጉ አትታገሉት። ጫፍ ላይ የምታስሩት ናይለን ከዘንጉ ቀድሞ የሚበጠስ ቀጭን ይሁን። ዘንጉን ወደ አሣው አቅኑና ክሩን በእጅ ያዙት፣ ከመጣ በመረብ አውጡት፣ ካልመጣ ናይለኑ ይበጠስና ይሂድ።