ስልት የምታቀላቅሉ ሙዚቀኞች፣ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ማሲንቆ በጃዝ፣ ክራር በሮክ፣ እስክስታ በኤሌክትሮኒክ ቢት። ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ይሄን የሚሞክር ወጣት ብዙ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ስንት ጥሩ ሐሳብ ገና ልምምድ ላይ እያለ ይበላሻል፤ የሚያበላሹትም ነገሮች ሁሌም እነዚያው ናቸው።

ትልቁ ስህተት ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የሚመላለስባቸውን ድምፆች፣ ሳያውቁ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) መደርደር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፦ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። ኪቦርዱ ላይ ግን 12 አለ። ጣታችሁ የለመደውን የጃዝ ኮርድ አንቺሆዬ ላይ ስትጭኑበት ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ሰተት ብሎ ይገባና ዜማው አንቺሆዬ መሆኑ ይቀራል። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምረው ኢትዮ ጃዝን ሲፈጥሩ ትልቁ ሥራቸው ይሄው ነበር፤ አምስቱ ድምፆች ከኮርዱ ሥር ተቀብረው እንዳይቀሩ መጠንቀቅ። ስለዚህ መጀመሪያ ዜማውን በክራር ብቻ ተጫወቱት፣ አንጎራጉሩት። ጆሯችሁ ውስጥ ሲገባ ኮርዱን አንድ በአንድ ጨምሩ፣ ቅኝቱን የሚያደፈርሰውን አውጡ።

ሌላው፣ ዋሽንት ነፊውን ሳይጠይቁ ኪይ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚነሳበትን የድምፅ ከፍታ፣ መወሰን። ክራርና ማሲንቆ ይቃኛሉ፤ ዋሽንት ግን አንዴ ከተበሳ አለቀ። ነፊዎች ረጅምም አጭርም ዋሽንት በቦርሳ ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። ስቱዲዮ ገብታችሁ፣ ሒሳቡ በሰዓት እየቆጠረ፣ «ግማሽ ድምፅ ከፍ እናድርገው» ብትሉት ቦርሳው ውስጥ ለዚያ ኪይ የሚሆን ዋሽንት ከሌለ ምን ያድርግ? ቀደም ብላችሁ ደውሉለት።

ችክችካ የሚባለውን ምትም በአራት አትቁጠሩ። 6/8 ነው፣ በስድስት የሚቆጠር። ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት ከበሮ መቺው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ አጨብጭቡ።

እኔን በጣም የሚያመኝ ደግሞ የባህል ተጫዋቹን እንደ ጌጥ ማየት ነው። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ «እዚህች ጋ ትንሽ ማሲንቆ ጣል እናድርግባት» ይባላል። ሰውየው መጥቶ ጥቂት ሰከንድ ይጫወታል፣ ይሄዳል። ምን ተማራችሁ ከእሱ? ፈንድቃ የባህል ማዕከል ካዛንቺስ በነበረበት ጊዜ አዝማሪውም ጃዙም አንድ ቤት ውስጥ እኩል ይደመጡ ነበር። ጌታቸው መኩሪያንም አስቡ። ሽለላና ቀረርቶን በሳክስፎን የሚጫወቱ ሰው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ከሆላንዱ የፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር አልበም አወጡ። ባንዱ ዜማቸውን አጠና፣ ሻካራ ጊታሩንም አልተወም። እሳቸውም ፉከራቸውን አላለሰለሱም። አልበሙን ስታዳምጡ ማንም ለማንም አጃቢ እንዳልሆነ ይሰማችኋል። ስለዚህ ማሲንቆ ተጫዋቹን ገና ዜማው ሲወጠን ጥሩት፣ «አንተ ብትሆን በየት በኩል ትገባ ነበር?» ብላችሁም ጠይቁት።

የመጨረሻው «ወንድማማች አይደለን እንዴ» ብሎ ሳይነጋገሩ መቅዳት ነው። ዘፈኑ ሲወደድ ነው ጭቅጭቁ የሚመጣው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለተጫዋቹም መብት ይሰጣል። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን፣ ክፍያው ስንት፦ ከቀረጻው በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጻፉትና ሁላችሁም ፈርሙ።