ዉሜይ፦ በጭስ የጠቆረውን ፕሪም ይዘን የምንሳሳታቸው ነገሮች

የቻይና ቅመም የሚሸጥበት ሱቅ ጎራ ካሉ፣ ከሰል የመሰለ፣ ጭርምትምት ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል ፍሬ ያያሉ። ቻይናውያን ዉሜይ፣ ኮሪያውያን ኦሜ፣ ጃፓኖች ኡባይ ይሉታል። አጻጻፉ በሦስቱም ዘንድ አንድ ነው፤ «ቁራ የመሰለ ፕሪም» እንደ ማለት ነው። ፍሬው ከነኮምጣጣነቱ ይለቀምና በጭስና በዝግታ ሙቀት እስኪጠቁር ይደርቃል።

የመጀመሪያው ስህተት ሽታውን ጠልቶ ደጋግሞ ማጠብ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። አምስት ጊዜ አጥቤ፣ የዘፈዘፍኩበትንም ውኃ ደፍቼ ስቀቅለው ተራ የኮመጠጠ ውኃ ሆኖ ቀረ። በወይራ በታጠነ ዕቃ እርጎ እየጠጣ ያደገ ሰው ጭስ ይፈራል? አቧራው እንዲለቅ አንዴ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ በሚቀቀልበት ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት።

ሁለተኛው ከጃፓኑ ኡሜቦሺ ጋር ማምታታት ነው። ዛፉ አንድ ነው፤ እንዲያውም ከፕሪም ይልቅ ለአፕሪኮት ይቀርባል። ኡሜቦሺ ግን ጭስ አይነካውም። በጨው ታሽቶ በፀሐይ የሚደርቅ ነው። በድሮው አሠራር ጨዉ እስከ ፍሬው ክብደት 20 በመቶ ይደርሳል። ለሩዝ ግሩም ነው፤ ለመጠጥ ከቀቀሉት ግን እንግዳ ፊት ያዋርዳል። ጥሬው አረንጓዴ ፍሬም ሌላ ጉዳይ ነው። በተለይ በፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ሲያናይድ የሚያመነጭ ነገር አለው። ስለዚህ ጥሬውን አይብሉ፤ ዘሩንም ሰብረው አይቅመሱ።

የአሉሚኒየም ድስትም ይቅር። የዉሜይ አሲድ ብረቱን ይበላል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ሸክላ ወይም የማይዝግ ብረት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው መጠጥ እንምጣ። ቤጂንጎች በበጋ ቀዝቅዞ የሚጠጡት ሱዋንሜይታንግ ይባላል። ለ2 ሊትር ውኃ 50 ግራም ያህል ዉሜይ፣ 30 ግራም ሻንጃ (የደረቀ ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ) እና ጥቂት ቁራጭ የሊኮሪስ ሥር ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው፣ አንዴ ከፈላ በኋላ በቀስታ እሳት 40 ደቂቃ ያቆዩት። ስኳሩ መጨረሻ ላይ ይገባል። የኦስማንተስ አበባ ካገኙ እሳቱን ካጠፉ በኋላ ጣል ያድርጉበት፤ ከፈላ መዓዛው ይጠፋል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሊኮሪሱን ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ምንም የማያደርግ ይመስላል። አብዝተው በየቀኑ ከጠጡት ግን የደም ግፊት ይጨምራል፤ በሰውነት ውስጥ ያለውን ፖታሲየምም ይቀንሳል። ግፊት ያለበት ሰው ያለ ሊኮሪስ ያፍላው። ብዙም አይጎድልበትም።

ከሁሉም የሚያሰጋኝ ግን «ተፈጥሯዊ መድኃኒት ነው» ብሎ እንደ ልብ መጠቀም ነው። ዣንግ ዦንግጂንግ የተባለው የቻይና ሐኪም ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት ዉሜይ ዋን የሚባል የወስፋት መድኃኒት ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ወስፋት ኮምጣጣ ሲያገኝ አርፎ ይቀመጣል የሚል ነው። ኮሶ የጠጡ አያቶች ላሉን ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ቅመማው 10 ነገር አለበት። አንዱ ፉዚ የተባለ ሥር ሲሆን፣ በትክክል ካልተዘጋጀ ልብን ይመርዛል። በቤት የሚሞከር አይደለም። ልጅዎ ወስፋት ካለበት ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክኒን አለ፤ ዉሜይ አይተካውም። የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች ራሳቸው ጉንፋን ሲጀምር ዉሜይ አይሰጡም። ኮምጣጣ ነገር ይዘጋል፣ በሽታውን ውስጥ ያስቀረዋል ይላሉ።

አንድ ልጨምር። ጥቁር ፕሪም ሁሉ ለመብል አይደለም። በጃፓን ናራ፣ ጹኪጋሴ በሚባል ቦታ የሚሠራው ኡባይ ጥቀርሻ ተቀብቶ ነው የሚታጠነው። አሲዱ ከሱፍ ተክል (ሳፍላወር) አበባ የሚወጣውን ቀይ ቀለም ጨርቅ ላይ ያወጣዋል። የፋብሪካ ቀለም ከመጣ ወዲህ ሥራው ጠፍቶ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ከዚያ የመጣ ፍሬ እጅዎ ከገባ፣ ለጨርቅ እንጂ ለድስት አይደለም።